ቆሞ መደገፍ ወይስ ተቀምጦ? ስታዲየም ለሚገባ ሁሉ

ፊት ያለ አንድ ሰው ከተነሳ ከኋላው ያለው ተቀምጦ ማየት አይችልም። እሱም ይነሳል። ከእሱ ኋላ ያለው ይከተላል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ረድፍ ይደርሳል። መሀል ላይ መነሳት የማይችል ካለ፣ ጉልበቱን የታመመ አባት፣ ነፍሰ ጡር ወይም የአምስት ዓመት ልጅ፣ ጨዋታው ለእሱ እዚያው ላይ አበቃ። ቀጥሎ «ቁጭ በል!» ይባላል። አልሰማ ሲል ባዶ ሃይላንድ ይወረወራል፤ ሃይላንዱ ምንም ያላጠፋውን ሰው ይመታል፤ ጠብ ይነሳል። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነኝ፤ ደጋፊ በማስተባበርም ለዓመታት አገልግያለሁ። መሀል ገብቼ ከገላገልኳቸው ጠቦች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ማሊያ በለበሱ ሰዎች መካከል፣ በዚሁ በመቆምና በመቀመጥ የተነሱ ናቸው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መቆም ያምራል፤ መቀመጥ ደግሞ መብት ነው። የሚጋጩት አንድ ቦታ ላይ ሲደባለቁ ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ዞር ብላችሁ ከኋላችሁ ማን እንዳለ እዩ። ከኋላችሁ ሰው ከሌለ ወይም ያለው ሁሉ እንደናንተ ለመጨፈር የመጣ ከሆነ ቁሙ፣ ዝለሉ፣ ድምፃችሁ እስኪዘጋ ዘምሩ። ተቀምጦ ለማየት የመጣ ሰው ካለ ግን ተቀመጡ። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ቀላል አይደለም።

ትኬት ሳትቆርጡ በፊት

በአዲስ አበባ ስታዲየም ያደገ ደጋፊ የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚቀመጥ ማንም ሳይነግረው ያውቅ ነበር። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ የሚባሉ የተመልካች ክፍሎች ነበሩት፤ ሁሉም የየራሱ ሰውና የየራሱ ጠባይ ነበረው። ጥላ ፎቅ የሚገባ ሰው ዘና ብሎ ማየት ይፈልጋል፤ ካታንጋ የገባ ሰው ጨዋታውን ከነጭፈራው ፈልጎ ነው የገባው። ሊጉ ከተማ ለከተማ እየዞረ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ግን ብዙዎቻችን የማናውቀው ስታዲየም እንገባለን። አዳማ፣ ሀዋሳ፣ ድሬዳዋ ወይም ባሕር ዳር ስትሄዱ በር ላይ ያገኛችሁትን አስተባባሪ «ከበሮው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከበሮው ያለበት አካባቢ ዘጠናውን ደቂቃ ቆሞ እንደሚያይ እወቁ። መቆም የምትፈልጉ ወደዚያ ሂዱ፤ መቀመጥ የምትፈልጉ ከዚያ ራቁ። ከበሮው ሥር ገብቶ «ተቀመጡልኝ» ማለት አግባብ አይደለም፤ ከበሮው በሌለበት ገብቶ ዘጠና ደቂቃ መቆምም እንደዚያው።

እኔ ቁመቴ አጭር ነው። ሁሉም በቆመበት ቦታ ከፊቴ የማየው ጀርባና የተዘረጋ ስካርፍ ነው። «ተቀምጦ የሚያይ ሲኒማ ቤት ይሂድ» የሚሉኝ ልጆች ሁሌም ረጃጅም ናቸው። ሁሉም ሲቀመጥ አጭሩም ረጅሙም ሊያይ ይችላል፤ ሁሉም ሲቆም ረጅሙ ብቻ ያያል። ይህን እያወቅሁም ግን ለሸገር ደርቢ፣ ከጊዮርጊስ ጋር ስንጫወት፣ ከበሮው ጋ እገባለሁ። ሜዳውን በግማሽ አጥቼ ጭፈራውን ሙሉ በሙሉ አገኛለሁ፤ ያንን ደግሞ ወድጄ፣ መርጬ የከፈልኩት ነው። መርጣችሁ ግቡ የምለው ለዚህ ነው።

ጭፈራው ውስጥ ሳይገቡ ቆመው ማየት የሚወዱም አሉ። እግራቸው መታጠፍ የማይወድ፣ ተቀምጠው ሲያዩ የሚጨንቃቸው። ለእነሱ ያለው ቦታ የመጨረሻው ረድፍ ነው። ከኋላ ግድግዳ እንጂ ሰው የለም፤ ደክሟችሁ ደገፍ ስትሉም ግድግዳው አለ። ከላይ ሆናችሁ የቡድኑን አሰላለፍ ማየት ስለምትችሉ እንዲያውም ኳስ ለሚገባው ሰው ከሁሉም የተሻለው ቦታ እሱ ይመስለኛል።

ልጅ ወይም አረጋዊ ይዛችሁ የምትገቡ ደግሞ ከፍታው መካከለኛ የሆነ ቦታ ላይ፣ ከበሮው ካለበት ማዶ ተቀመጡ። የታችኛው ረድፍ ለሜዳው ቢቀርብም አጥሩ፣ ፖሊሱ፣ ፎቶ አንሺውና ቆሎ የሚያዞረው ልጅ ሁሉ ከፊት ያልፋሉ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጡ ወገኖቻችን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጡት እዚያው ታች ነው። አጥሩን ተደግፎ የሚቆም ሰው እነሱን ነው የሚጋርደው፤ እነሱ ደግሞ ተነስተው ማየት አይችሉም። ይህን ያየ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም።

ዣንጥላንም እንደ መቆም ቁጠሩት። ተዘርግቶ ሲያዝ ከቆመ ሰው በላይ ይጋርዳል። ለፀሐዩ ባርኔጣ፣ ለዝናቡ የላስቲክ ልብስ ያዙ።

ሲሚንቶና ወንበር

ሲሚንቶ ላይ መቆምና በወንበር መካከል መቆም አንድ አይደለም። ሲሚንቶው ሰፊ ደረጃ ነው፤ ሙሉ እግር ያሳርፋል፣ ቦታ ከጠበበም ጎን ለጎን መጠጋጋት ይቻላል። እያንዳንዱ ደረጃ ከፍ የሚለው ግን የጉልበት ያህል ነው። ለተቀመጠ ሰው ከፊቱ በተቀመጠው አናት ላይ አሻግሮ ለማየት ይበቃዋል፤ ፊቱ ያለው ከቆመ ግን በቂ አይደለም።

ወንበር በተገጠመበት ቦታ መቆም ሌላ አደጋ አለው። የፊተኛው ወንበር መደገፊያ ሲቆሙ የሚደርሰው ቅልጥም ወይም ጉልበት አካባቢ ነው። ጎል ሲገባ ከኋላ የሚመጣው ግፊት ሰውነትን ወደ ፊት ሲገፋ እግር በመደገፊያው ተይዞ ይቀራል፤ ሰውየው በግንባሩ የፊተኛው ረድፍ ላይ ይወድቃል። ወንበር ላይ ወጥቶ መቆም ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ብሎኑ ይላላል፣ የሚወድቀውም ሰው ለብቻው አይወድቅም።

እንግሊዞች ይህን በብዙ ሐዘን ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1989 ሼፊልድ ውስጥ በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨናነቅ 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሞቱ። በአጥር በታጠረ የመቆሚያ ክፍል ውስጥ ከአቅም በላይ ሰው እንዲገባ ተደርጎ ነበር። አደጋውን ያጣሩት የፍርድ ቤት ዳኛ ቴይለር በ1990 ባቀረቡት ሪፖርት መሠረት የላይኞቹ ሊጎች ስታዲየሞች ሙሉ በሙሉ ባለ ወንበር ሆኑ። ደጋፊው ግን መቆሙን አልተወም፤ በወንበሮቹ መካከል እየቆመ፣ እላይ ባልኩት መንገድ እየወደቀ ብዙ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ በእያንዳንዱ ረድፍ ፊት ወገብ አካባቢ የሚደርስ ጠንካራ የብረት ድጋፍ ተገጠመ፤ ለአንድ ሰው አንድ ቦታ ተወሰነ፤ በጥር 2022 በአምስት ክለቦች ሜዳ ተሞክሮ በዚያው ዓመት ለሌሎችም ተፈቀደ። ብረቱ ግፊቱን ረድፍ በረድፍ ያስቆመዋል። በጀርመን የዶርትሙንድ ደቡባዊ ትሪቡን ብቻውን ወደ 25 ሺህ የሚጠጋ ደጋፊ አቁሞ ያስተናግዳል፤ በየረድፉ ጣልቃ የሚይዙት ብረት አለ።

እኛ አገር የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ለኢንተርናሽናል ጨዋታ የግል ወንበር ስለሚጠይቅ ስታዲየሞቻችን ወንበር እየተገጠመላቸው ነው። ጥሩ ነው፤ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት ማየት ያማል። በ2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍ «ሜዳችን» ማላዊ ነበር። እኔ የምጠይቀው ግን አንድ ነገር አለ። ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ታስቦ የተጀመረው አደይ አበባ ስታዲየምም ሆነ በየክልሉ የሚታደሱት፣ ከጎል ጀርባ አንድ ክፍል ብረት ያለው የመቆሚያ ቦታ ይተውልን። ጭፈራችንን በክልከላ ማጥፋት አይቻልም፤ ቦታ ከተሰጠው ግን ማንንም አይጎዳም። የደጋፊ ማኅበራት በስብሰባቸው ላይ ይህን ያንሱት፤ ኋላ ላይ ከማፍረስ አሁን መናገር ይረክሳል።

መቼ ተነሱ፣ መቼ ተቀመጡ

ለብሔራዊ መዝሙርና ለህሊና ጸሎት ሁሉም ይቆማል፤ መቆም የማይችል ሰው ተቀምጦ ቢያከብር ማንም ሊገላምጠው አይገባም። ቡድኖቹ ሲገቡ ቁሙ። ጎል ሲገባ ቁሙ፤ ይህን ማንም ማስተማር የለበትም።

የሚያጣላው ማዕዘን ምት፣ ቅጣት ምትና ድንገተኛ ሩጫ ነው። እዚህ ላይ እኛ ሰፈር የምንጠቀምበት ስምምነት አለ፤ ኳሷ አስራ ስድስት ከሃምሳ፣ ማለትም ጎሉ ፊት ባለው ትልቁ ሳጥን ውስጥ እስካለች እንነሳለን፣ ስትወጣ ወዲያው እንቀመጣለን። አባቴ ጉልበቱን ካመመው ወዲህ አብሬው የምቀመጥበት ረድፍ ላይ ይህን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ኳሷ ማዕዘኗ ላይ ስትቀመጥ ከፊታችን ያሉት መቀመጫቸውን ከሲሚንቶው ያነሳሉ፤ ጉልበታቸውን ግን ገና አልዘረጉም። አባቴ ግራ እጁን ትከሻዬ ላይ ያሳርፋል። የሚመታው ልጅ እጁን ሲያነሳ እኛም እንነሳለን፤ የአባቴ ክብደት ሙሉ በሙሉ ትከሻዬ ላይ ይመጣል። በረኛው ቦክሶ ያወጣታል። «እህ!» ይላል ሕዝቡ። በዚያው ትንፋሽ ከፊታችን ያለው ልጅ ይቀመጣል፤ ዞር ብሎም «አባባ፣ ታየዎት?» ይላል። ያ ልጅ አምስት ሰከንድ ዘግይቶ ቢቀመጥ አባቴ የመልሶ ማጥቃቱን አያየውም ነበር።

ዋናው ነገር እንግዲህ ቶሎ መቀመጥ ነው። መነሳቱን ማንም አይቀየምም። የሚያናድደው ኳሷ መሀል ሜዳ ከደረሰች በኋላም ወገቡን ይዞ የሚቆመው፣ ዳኛውን ሲሳደብ መቀመጥ የሚረሳው፣ ስልክ ሊያወራ የሚነሳው ነው። ስልክ ከመጣ ውጡና አውሩ። ቪዲዮ ለመቅረጽ ስልካችሁን ከአናታችሁ በላይ አታንሱ፤ ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ቅረጹ።

ጭፈራውን የሚመራው ልጅ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ ጎሉን እንኳን በእኛ ፊት ላይ እያነበበ ዘጠና ደቂቃ ያስጨፍረናል። እሱን «ተቀመጥ» የሚል ሰው ካለ ቦታውን ተሳስቷልና ወደ ሌላ ክፍል ቢሄድ ለራሱም ይሻለዋል።

አንድን ሰው እንዴት ተቀመጥ ይሉታል?

ከሁሉም በላይ የምታስፈልገን ችሎታ ይህች ናት። ከአምስት ረድፍ ኋላ ሆኖ «ቁጭ በል አንተ!» ብሎ መጮህ አይሠራም። የሚሰማው ሰው በሰው ፊት የተዋረደ ስለሚመስለው ለእልህ ይቆማል። ዕቃ መወርወርማ ወንጀል ነው፤ ክለብንም ያስቀጣል።

ተነሱና ቅረቡት። ትከሻውን በእጅ መዳፍ ነካ አድርጉ፤ በጣት አትጠንቁሉት። ስለ ራሳችሁ ሳይሆን ማየት ስላልቻለው ሰው ንገሩት። «ወንድሜ፣ እኚህ አባት መነሳት አይችሉም፤ እባክህ ትንሽ ዝቅ በልላቸው» ሲባል እምቢ ያለኝ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ «ይቅርታ አባባ፣ አላየሁም» ይላል፤ እውነቱንም ነው፣ ዓይኑ ሜዳው ላይ ነበር። ለታላቅ ሰው «ጋሼ»፣ ለሴት «እህቴ» ወይም «እናቴ» በሉ። ሰውየው ጠጥቶ የገባ ከመሰላችሁ ወይም አጠገቡ ያሉት ልጆች ካገዙት አትከራከሩ፤ አስተባባሪ ጥሩ። እኛ ሰደርያ ለብሰን የምንዞረው ለዚህ ነው።

እናንተ ብትሆኑ የምትጠየቁት ደግሞ ወይ ተቀመጡ ወይ ቦታ ቀይሩ። «እኔም ከፍዬ ነው የገባሁት» የሚለው መልስ ከኋላ ያለውም ከፍሎ መግባቱን ይረሳል። አንዳንዴ ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል፤ ከፊታችሁ ያለው ስለቆመ ነው የቆማችሁት። እንደዚያ ከሆነ ጥያቄውን ወደ ፊት አስተላልፉ። ከታችኛው ረድፍ ካልተጀመረ የላይኛው መቀመጥ አይችልም።

ከጠዋት ለሚገባ ሰው

ትልቅ ጨዋታ ሲሆን ስታዲየም የሚገባው ከጠዋት ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን አስተናግደን አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ባገቧቸው ጎሎች ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ፣ በዓመቱም ናይጄሪያ ስትመጣ፣ ሕዝቡ ኳሱ ከመጀመሩ ከብዙ ሰዓት በፊት ቦታውን ሞልቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ጉልበታችሁን ቆጥቡ። እስኪጀመር ተቀመጡ፤ ከሥራችሁ ካርቶን ወይም ፎም አንጥፉ፣ የጠዋት ሲሚንቶ ቀዝቃዛ ነው። ሁሉም ከተቀመጠ በየተወሰነ ጊዜ ተነስታችሁ ተንጠራሩ፤ ጨዋታ ገና ስላልተጀመረ ማንንም አትጋርዱም።

ረጅም ሰዓት የምትቆሙ ጉልበታችሁን ግትር አታድርጉ። ክብደታችሁን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወሩ መቆም ነው። ፀሐይ ላይ ጉልበቱን ቆልፎ፣ ውኃ ሳይጠጣ የቆመ ሰው ድንገት ይወድቃል፤ ድሬዳዋና አዳማ ላይ ይህን ቸል አትበሉ። አጠገባችሁ ያለ ሰው ፊቱ ከገረጣ፣ ላብ ካጠመቀው፣ መልስ መስጠት ካቃተው አስቀምጡት፤ ዙሪያውን ክፈቱለትና ቀይ መስቀሎችን ጥሩ። ጫማችሁ የተዘጋና የማያንሸራትት ይሁን።

ደረጃው ላይ በፍጹም

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በመነጋገር የሚፈታ ነው። ይሄኛው ግን ድርድር የለውም። መተላለፊያውና መውረጃ ደረጃው ላይ አትቁሙ፣ አትቀመጡም። ቦታ ስለሞላ፣ ከዚያ ስለሚታይ፣ «አምስት ደቂቃ ብቻ» ስለሆነ አይሠራም። ሰው የሚወጣበት መንገድ እሱ ብቻ ነው።

በ2001 እ.ኤ.አ. አክራ ውስጥ ሃርትስ ኦፍ ኦክ ከአሻንቲ ኮቶኮ ሲጫወቱ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኩሶ ሕዝቡ ወደ መውጫው ሮጠ፤ የተዘጉ በሮች ነበሩ። ከ120 በላይ ሰዎች ሞቱ። በጥር 2022 በካሜሩን ኦሌምቤ ስታዲየም በአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ መግቢያ በር ላይ በደረሰ መረጋገጥ ስምንት ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። እነዚህ ሰዎች እንደኛው ኳስ ሊያዩ የሄዱ ናቸው።

ቆማችሁ ሳለ እጃችሁን ወደ ፊታችሁ ማንሳት ካቃታችሁ፣ ወይም ሳትፈልጉ ሰውነታችሁ ወዲያና ወዲህ ከተወሰደ፣ ቦታው ከአቅም በላይ ሞልቷል። ጎል እስኪገባ አትጠብቁ፤ በዚያው ደቂቃ ውጡ። ግፊት ውስጥ ከገባችሁ ሁለት ክንዳችሁን ደረታችሁ ፊት አጥፋችሁ ያዙ፤ የሚገድለው ትንፋሽ ማጣት ስለሆነ ለሳንባችሁ ቦታ ትጠብቁለታላችሁ። ግፊቱን ፊት ለፊት አትታገሉት፤ ጋብ ባለ ቁጥር በሰያፍ ወደ ጎን ውጡ። ስልክ ወይም ጫማ ቢወድቅ አታጎንብሱ። አጠገባችሁ የወደቀ ሰው ካለ ግን ተጋግዛችሁ አንሱት፤ አንድ ሰው ሲወድቅ ሌላው በላዩ ይወድቃል።

ሲያልቅ

የባከነ ሰዓት ሲታይ ብዙው ሰው ተነስቶ ወደ መውጫው ይጎርፋል፤ ደረጃው ላይ ቆሞም የመጨረሻዋን ደቂቃ ያያል። ሁለት ጥፋት በአንዴ ነው፤ የተቀመጠውን ይጋርዳል፣ መንገድም ይዘጋል። ወይ ቀድማችሁ ውጡ ወይ ፊሽካው እስኪነፋ ተቀመጡ። ልጅ ወይም አረጋዊ የያዛችሁ ደግሞ ከፊሽካው በኋላም ደረጃው እስኪሳሳ ቁጭ በሉ፤ ታክሲ ሰልፉ የትም አይሄድም። ከልጆቻችሁ ጋር የምትገናኙበትን ቦታ ገና ስትገቡ፣ ከበሩ ውጭ፣ ሰው ከማይጎርፍበት በኩል ወስኑ፤ ስልክ ቁጥራችሁንም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ክተቱ።